ሎተሪ ወደ ባሕር ማዶ አይላክም፦ ለዘመድ ቲኬት መስጠት ለሚፈልጉ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በፈረንጆቹ ገና ለሥራ ባልደረቦቼ ፖስት ካርድ ውስጥ የሚፋቅ ሎተሪ፣ ስክራች የምንለውን፣ ከትቼ መስጠት ልማዴ ነው። ዘንድሮ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ፣ ለ14 ዓመት ልጁና ሪያድ ለምትሠራው እኅቴም እንዲሁ ላደርግ አስቤያለሁ። ፓወርቦል የሚባለው ሎተሪ ዕጣም ከፍ ሲል አንድ አንድ ልቆርጥላቸው እፈልጋለሁ። በፖስታ ቤት ልላከው ወይስ በሰው? ቢደርሳቸው ‹ዜጋ ስላልሆኑ አይከፈላቸውም› የሚባለው እውነት ነው? ግብሩን የሚከፍለውስ ማነው? አክስቴ ደግሞ በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ቆርጣ በሰው ትልክልኛለች፤ እሱስ ችግር አለው? እናቴም በግንቦት ልትጠይቀኝ ትመጣለች። ለእሷ መስጠትስ እችላለሁ?»

ምላሽ፦

ቲኬቱን አይላኩ። በፖስታ ቤትም፣ በፈጣን መልእክት ድርጅትም፣ አገር ቤት በሚገባ ሰው ሻንጣም አይላኩ። ስጦታው ይቅር እያልኩ አይደለም፤ መንገዱ ይቀየር ነው የምለው። ጥያቄዎ ውስጥ የሕግ፣ የግብርና የባለቤትነት ጉዳይ ተደባልቀው ስላሉ አንድ በአንድ ልለያያቸው።

ከሕጉ እንጀምር። አሜሪካ ውስጥ ሎተሪ የስቴት ጉዳይ ነው። ፓወርቦል በ45 ስቴቶችና በዋሽንግተን ዲሲ ቢሸጥም፣ እርስዎ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካለ ሱቅ የሚቆርጡት ቲኬት የሜሪላንድ ቲኬት ነው፤ የሚከፈለውም ሜሪላንድ ነው። ቲኬቱ ከስቴቱ ሲወጣ ግን የፌዴራሉ ሕግ ይመጣል። የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 1301 የሎተሪ ቲኬትን ከስቴት ወደ ስቴትም ሆነ ወደ ውጭ አገር ማጓጓዝን፣ አንቀጽ 1302 ደግሞ በፖስታ መላክን ይከለክላሉ፤ ቅጣቱም እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊደርስ ይችላል። አንቀጽ 1307 ለስቴት ሎተሪዎች በር ከፍቷል፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። የአንድን ስቴት ሎተሪ ቲኬት በዚያው ስቴት ውስጥ ወዳለ አድራሻ መላክ ይቻላል። ወደ ውጭ አገር የሚላከው ደግሞ እዚያው አገር ውስጥ ለሚካሄድና በዚያው አገር ሕግ ለተፈቀደ ሎተሪ የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ አሜሪካ ያለ ማተሚያ ቤት ለሌላ አገር ሎተሪ ያተመውን ቲኬት መላክ ይችላል። የሜሪላንድ ስክራች አዲስ አበባ ሲላክ ከዚህ አንዱንም አያሟላም።

«በሰው ብልከውስ?» ለሚለው፣ አንቀጽ 1301 የሚናገረው ስለ ፖስታ ሳይሆን ስለ ማጓጓዝ ነው። ስለዚህ ሻንጣ ውስጥ መግባቱ ሕጋዊ አያደርገውም። በዚያ ላይ ችግሩ እርስዎ ጋር ብቻ አይቀርም፤ አደራ ተቀባዩም ላይ ይጭኑታል።

ላስፈራራዎት ግን አልፈልግም። ፖስት ካርድ ውስጥ አንዲት ስክራች ከትቶ በመላኩ የታሰረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሕጉም የተጻፈው ስለ ገና ስጦታ ታስቦ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሉዊዚያና ሎተሪ ኩባንያ ቲኬቱን በፖስታ በመላው አሜሪካ እየቸበቸበ፣ ሹማምንትን በገንዘብ እስከመያዝ ደርሶ ነበር። ኮንግረሱ በ1890 እ.ኤ.አ. ፖስታውን ዘጋበት፤ በ1895 ደግሞ ከስቴት ወደ ስቴት ማጓጓዝን ከለከለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1903 ክልከላውን አጸናው። ኒው ሃምፕሸር በ1964 የመጀመሪያውን ዘመናዊ የስቴት ሎተሪ ስትጀምር አሮጌው ሕግ እንዳለ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገው እዚህም እዚያም ቀዳዳ መክፈት ነው። የእርስዎ ፖስታ በአንዱም ቀዳዳ አያልፍም።

አሁን ሕጉን እንርሳውና ቲኬቱ በሰላም ደረሰ እንበል። እኔ ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ስጦታውን ከንቱ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ሰው ስለ ሎተሪ ሲያስብ የሚታየው ትልቁ ዕጣ ነው። የፓወርቦል ትልቁ ዕጣ የመድረስ ዕድሉ ከ292 ሚሊዮን አንድ ነው፤ ስለዚህ በእሱ ላይ ተመሥርተው ምንም አያቅዱ። የሆነ ነገር የማግኘት ዕድል ግን ከ25 አንድ ገደማ ነው። ያ «የሆነ ነገር» አብዛኛውን ጊዜ 4 ዶላር ነው። ስክራችም ላይ እንዲሁ፤ ሲደርስ የሚደርሰው በአብዛኛው የቲኬቱ ዋጋ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። የሥራ ባልደረባዎ 5 ዶላር ሲወጣላት ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሱቅ ጎራ ብላ ትቀበላለች፤ ወይ በሌላ ስክራች ትቀይረዋለች። የስጦታው ደስታ ያ ነው። ወንድምዎ ግን ስክራቹን በሳንቲም ፍቆ 10 ዶላር ቢወጣለት ምን ያደርጋል? ቦሌ ላይ የሜሪላንድ ሎተሪ የሚከፍል ሱቅ የለም። ቲኬቱን መልሶ ለመላክ የሚወጣው ወጪ ከዕጣው ይበልጣል። ስለዚህ ዕጣው ደርሶትም አልደረሰውም፤ የዓመት በዓል ስጦታዎ ቁጭት ሆነ ማለት ነው።

ጊዜውም አብሮት አይሄድም። ሜሪላንድ ዕጣው ከወጣበት ቀን ጀምሮ 182 ቀን ትሰጣለች፤ ቨርጂኒያና ዲሲ 180 ቀን። ረጅም ይመስላል። ነገር ግን አገር ቤት ፖስታ የሚገባው በር ላይ ሳይሆን ፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑም ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ወይም የወዳጅ ነው። ማን መቼ ከፍቶ እንደሚያየው አይታወቅም።

«ዜጋ ካልሆኑ አይከፈላቸውም» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ደጋግሜ ስለምሰማው ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ፓወርቦልም ሆነ የስቴት ሎተሪዎች ዜግነትም የመኖሪያ ፈቃድም አይጠይቁም። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠባበቅ፣ ቲ.ፒ.ኤስ. የሚባለው ጊዜያዊ ጥበቃ ያለው፣ በቱሪስት ቪዛ የገባ፣ ማንም ዕድሜው የሞላ ሰው ቆርጦ ቢደርሰው ይከፈለዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ባግዳድ የሚኖር አንድ ኢራቃዊ የኦሬጎን ስቴትን ሎተሪ በኢንተርኔት አገልግሎት አስቆርጦ 6.4 ሚሊዮን ዶላር ደርሶታል፤ የኦሬጎን ሎተሪም መርምሮ ከፍሎታል። ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚይዘው «የውጭ ሰውም ማሸነፍ ይችላል» የሚለውን ብቻ ነው። እኔ የማየው ሌላውን ነው፦ ቲኬቱ የተቆረጠው ኦሬጎን ውስጥ ነው፤ ከኦሬጎንም አልወጣም። ባግዳድ ድረስ የሄደ ወረቀት የለም። ወረቀቱ ካልተጓዘ አብዛኛው ችግር አይኖርም።

ይህን ስል እንዲህ ያሉትን የኢንተርኔት አገልግሎቶች ለወንድምዎ እየመከርኩ አይደለም። ከትኬቱ ዋጋ በላይ ያስከፍላሉ፤ ስቴቶቹም በዓይነ ቁራኛ ነው የሚያዩዋቸው፤ ቴክሳስ በ2025 ከነአካቴው ከልክላቸዋለች። በእነሱ ስም የሚነግድ አጭበርባሪም ብዙ ነው።

እንግዲህ ፓወርቦል ልቁረጥላቸው ወዳሉት ሁለተኛው ሐሳብዎ እንምጣ። ቲኬቱን እርስዎ ጋር አስቀምጠው «ይኼ የአንተ ነው» ብለው ፎቶውን በቴሌግራም ቢልኩለትስ? ይህ ይቻላል፤ ሕግም አይጥስም፤ ምክንያቱም የሄደው ፎቶ እንጂ ቲኬት አይደለም። አደገኛው ነገር ባለቤትነቱ ነው።

የሎተሪ ቲኬት የያዘው ሰው ነው። ከጀርባው የስም፣ የአድራሻና የፊርማ መስመር አለ፤ ያ መስመር ባዶ እስከሆነ ድረስ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «የእኔ ነው» ሊል ይችላል። የእርስዎን ስም ከጻፉበት ደግሞ በሎተሪ ቢሮው ዓይን የእርስዎ ነው። በቃል «ቢደርስህ የአንተ፣ ቢደርስ እንካፈላለን» ያሉት ነገር ዕጣው 4 ዶላር ሲሆን ማንም አያነሣውም። 400 ሺህ ሲሆን ግን «እንካፈላለን» ያሉት ሲሶ ነበር ወይስ እኩል፣ ሚስትዎ ሰምታ ነበር ወይ፣ ታናሽ እኅትስ ተነግሯት ነበር ወይ የሚል ሽምግልና ይጀመራል።

ፍርድ ቤት ስለደረሰ አንድ ጉዳይ ልንገርዎ። በ1999 እ.ኤ.አ. አላባማ ውስጥ አንድ ደንበኛ ፍሎሪዳ ሄዶ የቆረጣቸውን ሎተሪዎች ለአንድ ምግብ ቤት አስተናጋጆች በስጦታ አደለ። አላባማ እስከ ዛሬ ሎተሪ የላትም። ከአስተናጋጆቹ ለአንዷ 10 ሚሊዮን ዶላር ወጣላት። ባልደረቦቿ «ከደረሰ ልንካፈል ተስማምተን ነበር» ብለው ከሰሷት፤ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረቱ። የአላባማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2000 ገለበጠው፤ ስምምነቱ ቢኖርም እንኳ በቁማር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በአላባማ ሕግ አይጸናም አለ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሴትዮዋ ዕጣውን በቤተሰብ ኩባንያ ስም ስላደረገችው የግብር መሥሪያ ቤቱ «ድርሻውን ለቤተሰብሽ የሰጠሽው ቲኬቱ ካሸነፈ በኋላ ነው፤ ይህ ስጦታ ነው፤ የስጦታ ግብር አለበት» አላት። እሷ «ቀድሞም በቤተሰባችን የቆየ የመካፈል ስምምነት ነበረን» ብትልም የግብር ፍርድ ቤቱ በ2012 አልተቀበላትም። የስጦታውን ግምት ዝቅ ቢያደርግላትም፣ ስጦታ መሆኑ ግን ጸና።

ከዚህ ጉዳይ ለእርስዎ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ መስመሩ የዕጣው ሰዓት ነው። ዕጣው ሳይወጣ የሰጡት ቲኬት የ2 ዶላር ስጦታ ነው፤ ከወጣ በኋላ የሰጡት ግን የዕጣውን ያህል ስጦታ ነው። «ሐሳቤ እንደዚያ ነበር» ማለት ዋጋ የለውም፤ ከዕጣው በፊት የተጻፈ ነገር መኖር አለበት።

ግብሩም እዚህ ላይ ይለያያል። ቲኬቱ የእርስዎ ከሆነ ከ5,000 ዶላር በላይ ለሆነ ዕጣ 24 በመቶ የፌዴራል ግብር በቅድሚያ ይያዛል፤ ሜሪላንድም የራሷን ትቀንሳለች፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከሌላው ገቢዎ ጋር ተደምሮ ተጨማሪ ሊመጣብዎ ይችላል። ከተረፈው ለወንድምዎ ቢልኩ፣ በ2025 ለአንድ ሰው እስከ 19,000 ዶላር ያለ ምንም ቅጽ መስጠት ይቻላል። ከዚያ በላይ ሲሆን የስጦታ ግብር ማሳወቂያ የሆነውን ቅጽ 709 ይሞላሉ። መሙላት ማለት መክፈል ማለት አይደለም፤ አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ያለ ግብር መስጠት የሚችለው ጣሪያ በሚሊዮኖች ስለሆነ ብዙ ሰው ምንም አይከፍልም። ግን ይሞላል።

ቲኬቱ በእርግጥ የወንድምዎ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የማይኖር የውጭ ዜጋ በሎተሪ ዕጣ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል። አንዳንድ አገሮች ከአሜሪካ ጋር ባላቸው የግብር ስምምነት ይህን አስቀርተዋል ወይም አስቀንሰዋል፤ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ስለዚህ 30 በመቶው ሙሉ በሙሉ ይቆረጣል። ወንድምዎ የአሜሪካ የግብር መለያ ቁጥር፣ አይቲን የሚባለውን፣ ማውጣትና የውጭ ሰው መሆኑን የሚያሳውቅበትን ደብልዩ-ኤይት-ቤን የተባለውን ቅጽ መፈረም ይኖርበታል። እርስዎ በስሙ ቀርበው የሚቀበሉ ከሆነ ዕጣው የማን እንደሆነ ለሎተሪ ቢሮው ሲቀበሉ ነው የሚናገሩት። መጀመሪያ በራስዎ ሶሻል ሴኩሪቲ ተቀብለው በኋላ «የወንድሜ ነበር» ቢሉ የሚሰማዎት የለም።

አንዳንዱ ይህን ሲያነብ ስሌት ይጀምራል፦ «ትልቅ ዕጣ ቢሆን እኔ 37 በመቶ እደርሳለሁ፤ በወንድሜ ስም ግን 30 ብቻ።» ዕጣው ከወጣ በኋላ ባለቤት መቀየር የሐሰት መግለጫ መፈረም ነው። በ2 ዶላር ቲኬት ተጀምሮ በፌዴራል ወንጀል ማለቅ አይገባም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አውቀው አሁንም ፓወርቦል ልቁረጥለት ካሉ፣ ትንሽ ሥርዓት ይያዙ። ቲኬቱን ሲቆርጡ ለእሱና ለራስዎ በአንድ ወረቀት ላይ አያድርጉ፤ ለየብቻ ያስቆርጡ። ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሥተው ከዕጣው በፊት ይላኩለትና ከሥሩ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «በዚህ ቲኬት ላይ ያለው ቁጥር ሙሉ በሙሉ የአንተ ነው። እኔ ድርሻ የለኝም። ወረቀቱን የያዝኩልህ በአደራ ነው።» ድርሻ ካለዎት ደግሞ ስንት እንደሆነ በቁጥር ይጻፉት፤ «እንተሳሰባለን» አይበሉ። እሱም «ተቀብያለሁ» ብሎ ይመልስልዎት። የመልእክቱ ቀንና ሰዓት ምስክርዎ ነው። ይህን ያህል ጣጣ ለ2 ዶላር ስጦታ በዝቷል ካሉኝ፣ እኔም የምለው እሱኑ ነው።

የሪያዷ እኅትዎ ጉዳይ ላይ ውይይት የለኝም። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ቁማር በሸሪዓ የተከለከለ ነው፤ ሎተሪም ከዚያው ይቆጠራል። ፖስታው በአሠሪ እጅ ሊያልፍ፣ ተከፍቶም ሊታይ ይችላል። በሰው ቤት ያለች ሴት «ይህ ምንድነው?» ተብላ እንድትጠየቅ የሚያደርግ ስጦታ ስጦታ አይደለም። ፎቶውንም እንኳ አይላኩላት። ኩዌት ላለ ዘመድም ይኸው ነው። ዱባይና አቡዳቢ ያሉት ሁኔታቸው ይለያል፤ ኤምሬትስ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ፈቃድ ያለው የራሷ ሎተሪ አላት፤ መጫወት የፈለገ ዘመድ እዚያው ራሱ ይቆርጣል እንጂ ከአሜሪካ አይላክለትም።

እግረ መንገዴን፦ ተቀባዩ ሎተሪ ይቆርጣል ወይ ብለው መጀመሪያ ይጠይቁ። ሙስሊም ወዳጆቻችን ብቻ ሳይሆኑ ከኦርቶዶክሱም ከፕሮቴስታንቱም ሎተሪን እንደ ቁማር ቆጥሮ እጁን የማያስገባ ብዙ ሰው አለ። ካርድ ሲከፍት ስክራች ያገኘ ሰው «አመሰግናለሁ» ብሎ ወደ ቆሻሻ መጣያ ሊወረውረው ይችላል።

ለ14 ዓመቱ ልጅ አይስጡ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ከ18 ዓመት በታች ላለ አይሸጡም። ይህ የሕግ ጉዳይ ብቻም አይደለም። ካናዳ ያለው የማክጊል ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው የቁማር ሱስ ምክር ቤት በየዓመቱ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ለወላጆች የሚነግሩት ይህንኑ ነው፤ በልጅነት የተለመደ ቁማር ሲያድጉ ለሱስ ስለሚያጋልጥ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ የስፖርት ውርርድ ቤት በየሰፈሩ ተከፍቶ ጎረምሳውን ሁሉ በያዘበት በዚህ ጊዜ፣ የአሜሪካው ዘመድ የመጀመሪያውን የዕድል ወረቀት በእጁ ባያስይዘው ይሻላል። ኳስ ይግዙለት፤ መጽሐፍ ይላኩለት።

የአክስትዎ የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ከእርስዎ ስክራች ይልቅ በግልጽ የተከለከለ ነው። የአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ አንቀጽ 1305 ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ከሚከለክላቸው ነገሮች መካከል የሎተሪ ቲኬትን በስም ጠቅሶታል። ደለስ አየር ማረፊያ ላይ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር የሚመጣው ሰው ሻንጣ ውስጥ ቢገኝ ይወረሳል። አክስትዎ የሚያደርጉትን መልካም ነገር ግን ማስቀረት አያስፈልግም፦ ቆርጠው እሳቸው ጋር ያስቀምጡት፤ ፎቶውን ይላኩልዎት። ዕጣውም ቢደርስ ዋናውን ቲኬት ይዞ መቅረብ ያለበት አዲስ አበባ ላይ ነው፤ እርስዎ ጋር ቢኖር ኖሮ መልሶ መላክ ነበር። ቁጥሩን አዟሪው ጋር ወይም በታተመው የዕጣ ዝርዝር ያመሳክሩ፤ የመቀበያ የጊዜ ገደቡን ደግሞ አይርሱ።

ሎተሪው የእርስዎ ሆኖ ዕጣ ቢደርስዎት አገር ቤት ግብሩ ተቀንሶ ነው የሚከፈለው፤ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ሲወጣ የደነገገው 15 በመቶ ነበር። አሜሪካ ግን ዜጋዋንና ነዋሪዋን የትም ባገኘው ገቢ ላይ ስለምታስከፍል፣ የእንቁጣጣሽ ዕጣዎንም እዚህ በግብር ቅጽዎ ላይ ያስገባሉ፤ አገር ቤት የከፈሉት ይታሰብልዎታል። ሎተሪው የአክስትዎ ሆኖ እሳቸው ከደረሳቸው ላይ ቢሰጡዎት ግን ለእርስዎ ገቢ አይደለም፣ ስጦታ ነው፤ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ከሆነ ብቻ ቅጽ 3520 በመሙላት ያሳውቃሉ። በብር የተገኘ ገንዘብ እዚያው አገር ቤት ለሚሠራ ነገር ቢውል የተሻለ ነው፤ ወደ ዶላር ቀይሮ ማውጣት ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ነው።

ስለ ሎተሪ ከዘመድ ጋር ሲነጋገሩ አንድ ነገር ጨምረው ይንገሯቸው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ሎተሪ እንደሚቆርጥላቸው ያወቁ ሰዎች «የአሜሪካ ሎተሪ ደርሶዎታል» ለሚል ስልክ ቅርብ ናቸው። ደዋዩ «መጀመሪያ ለግብር ይህን ያህል ያስገቡ» ይላል። እውነተኛ ሎተሪ ግብሩን ከዕጣው ላይ ይቀንሳል እንጂ አስቀድሞ ገንዘብ ላኩ አይልም። የዲቪ ስም እየጠሩ ያጭበረብሩ የነበሩትም ዛሬ በዚህ በኩል መጥተዋል።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ለወንድምዎ ሎተሪ መስጠት ከፈለጉ፣ የሚቆረጠው እሱ ያለበት አገር ይሁን። ለስክራቹና ለፓወርቦሉ የሚያወጡትን 20 ወይም 30 ዶላር ለበዓል ከሚልኩት ላይ ጨምረው ይላኩና «ከዚህ ላይ የእንቁጣጣሽ ወይም የገና ሎተሪ ቁረጥበት» ይበሉት። አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ላይ ከአዟሪው እጅ ቁጥሩን እየገላበጠ ራሱ ይመርጣል፤ ቢደርሰው እዚያው ይቀበላል፤ ባይደርሰው ቀሪው ብር ለዶሮው ይሆናል። ለሁለታችሁም ጣጣ የለውም። ፓወርቦልን ለራስዎ ይቁረጡ፤ ከደረሰዎት ያኔ ለወንድምዎ ስጦታ ይስጡ፤ ስጦታ መሆኑንም አይደብቁ።

እናትዎን በተመለከተ ግን ያለ ሥጋት ይስጧቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ሆነው፣ የሜሪላንድ ቲኬት፣ በእጃቸው፤ ምንም አይከለክልም። የቱሪስት ቪዛም ዕንቅፋት አይደለም። ከቡና በኋላ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም ይስጧቸውና ይፋቁ። እስከ 600 ዶላር ያለውን ቲኬት የሚሸጥ ሱቅ ይከፍላቸዋል። ከዚያ ካለፈ ቲኬቱን ወዲያው በስማቸው፣ በፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው አጻጻፍ፣ ከጀርባው ያስፈርሟቸው፤ የእርስዎን ስም አያስገቡ። ከዚያ ፓስፖርታቸውን ይዘው አብረው ወደ ሎተሪ ቢሮው ይሂዱ፤ ትልቅ ዕጣ ከሆነ 30 በመቶው እንደሚቆረጥ ቀድመው ይንገሯቸው፣ ተሰረቅሁ እንዳይሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ወደ አገር ቤት ከመሳፈራቸው በፊት ነው። የመመለሻ ትኬታቸው ሁለት ሦስት ቀን ከቀረው ስክራቹን ይተዉት፤ ሌላ ነገር ይግዙላቸው።